ስምንት ክንድ ብረት

ብረቱ ከይገዙ እጅ ያመለጠው ከቀጨኔ ቁልቁል ሲወርዱ፣ መንገዱ ወደ ድልድዩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ ትከተል ነበር። ትልቁ የብረት ቀለበት ወደ ጎን እንዳይዘም በአንድ እጇ ትደግፋለች፤ ይገዙ ደግሞ ከፊት ሆኖ እንደ እንቢተኛ ወይፈን ይዞ ይገታዋል። ድንጋይ አደናቀፈውና ለቀቀው። ቀለበቱ አንዴ ተንገዳገደ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ማንም ሳይነዳው ቁልቁለቱን ተያያዘው። ባዶ የብረት ክብ ብቻውን እየዘለለ ሲመጣ ያየ ሁሉ ወደ አጥር ተጠጋ። ዶሮ ይዛ የምትወርድ አንዲት ሴት ዶሮዋን ጥላ አማተበች። ይገዙ በነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ሮጦ ሊይዘው ቢሞክርም አልደረሰበትም። ብረቱ ድልድዩን ተሻገረ፣ አቀበቱን ወጣ፣ ጫፉ ላይ ጉልበቱ አለቀና ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንደ ወደቀ ሳንቲም ዞሮ ዞሮ ተኛ።

በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘብ ቆሟል።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ዘመኑ 1971 ሊያልቅ ጥቂት የቀረው፣ ወሩ ነሐሴ ነው። በዚያ በር ሲያልፉ ቀና ብሎ ማየት ያስፈራ የነበረበት ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም፤ እንኳን ያልታወቀ ብረት ሰዶ የዘብ እግር ሥር መጣል። ቀርባ ዘቡ ጀላል መሆኑን ስታይ ግን ርምጃዋን አፈጠነች።

ጀላል ብረቱን አየ፣ የሚያለከልከውን ይገዙን አየ፣ ከዚያ እሷን።

"እማማ ሙሉ፣ ይኼ የናንተ ነው?"

"የኛ ነው ልጄ። አምልጦን ነው።"

"ምንድን ነው?"

"ጎማ ነው።"

"የምን ጎማ?"

"የጅብ" አለ ይገዙ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን እንደያዘ።

ጀላል ሊስቅ ሲል ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና ከንፈሩን ገጠመ። ሊቀመንበሩ ሳይወጡ ቶሎ እንዲያነሱት ነገራቸው፤ ራሱም ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ብረቱን በአንድ ወገን አቀናላቸው። ያን ጊዜ ነው ሙሉእመቤት እጆቹን ያየቻቸው። እነዚያን እጆች ከፊቱ ይልቅ አብልጣ ታውቃቸዋለች።

ልጇ ታረቀኝ እዚሁ ቀበሌ ግቢ ውስጥ አሥራ ሦስት ወር ታስሮ ነበር። ጀላል ያን ጊዜ የእስር ቤቱ በር ጠባቂ ነው። እናቶች በየቀኑ ምግብ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ተራዋ የደረሰ እናት የያዘችውን ታቀብልና ጥቂት ቆይታ ዕቃውን መልሳ ትቀበላለች። ባዶ ዕቃ ከተመለሰ ልጅ በልቷል ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ግን ዕቃው እንዳለ ይመለስና "ከእንግዲህ አታምጪ" ይባላል። ያን የተባለች ሴት ምንም አትጠይቅም፤ ጠይቃም መልስ አታገኝም። ሙሉእመቤት ክዳኑ የጎደጎደ ባለ ሁለት ድርብ የምሳ ዕቃ ነበራት። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ያን ዕቃ ከበሩ ቀዳዳ ባዶውን የመለሱላት የጀላል እጆች ናቸው። አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አንዳንዴ ብቻ፣ ሰው በማያይበት ጊዜ፣ በጣቱ ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል። ደህና ነው ማለቱ እንደሆነ እሷ ለራሷ ተርጉማዋለች።

ብረቱን እየገፉ ሲርቁ ዞር ብላ ጎንበስ አለችለት። እሱ አላየም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ይገዙ ጅብ ያለው አንዲት አሮጌ ብስክሌት ነው። ባሏ አጥናፉ ሠላሳ ዓመት በአንድ የውጭ አገር ሌጋሲዮን፣ በዛሬ ስሙ ኤምባሲ፣ ጋራዥ ውስጥ የሠራ መካኒክ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ እዚያ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ በጥንት ዘመን የተሠራች፣ የፊት ጎማዋ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላዋ ግን ሰፌድ የማታህል ብስክሌት ነበረችው። አጥናፉን አንድ ቀን ከግንብ ላይ አስቀምጦ አስነዳው። አጥናፉ ያን ቀን ሲያወራ አርባ ዓመት አልፎት እንኳ አይኖቹ ይበራሉ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ የተረፈውን ሰጠው፤ የታጠፈውን የብረት ወገቧን፣ ትንሿን የኋላ ጎማ፣ የተላጠ የቆዳ መቀመጫዋን። ትልቁ ጎማና ሹካው ዝገው ከተጣሉ ቆይቷል። ያን ትራፊ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አንድ ቀን ጎማዋን እሠራለሁ እያለ ሃያ ዓመት ኖረ። ከፊት ከፍ ከኋላ ዝቅ ያለ ቅርጿን ያዩ ጎረቤቶች ናቸው ጅቢት ያሏት።

ታረቀኝ በሰኔ ተፈትቶ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ ማን እንዳስፈታው፣ ለምን እንደታሰረም የነገራቸው የለም። እናቱ እግሩን ስታጥብ ወለሉ ላይ ተደፍታ ቀረች። ሙሉእመቤት ጃንጥላ ተስላ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አስገባች። አጥናፉ ግን ምን እንደተሳለ ሲናገር አልሰማችውም። የተናገረው በነሐሴ፣ ጅቢትን ከግድግዳ አውርዶ ዝገቷን ሲፍቅ ደርሳበት ስትጠይቀው ነው። ልጄን ከመለስክልኝ ለጥቅምት ሃያ ሰባት ክብረ በዓልህ ጅቢት ላይ ተቀምጬ ደጅህ እመጣለሁ ብሎ ተስሏል።

"ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል" አለችው። "አንተ ጅብ ትሳላለህ?"

"ምን ልሳል?" አለ፣ ከሚፍቀው ቀና ሳይል። "ጃንጥላ አይከብደኝም። ሻማም አይከብደኝም። የምለምነው ግን የማይቻል ነገር ነበር። የሚቻል ነገር ይዤ መቅረብ አሳፈረኝ።"

ያን ምሽት ሙሉእመቤት የራሷን ጃንጥላ ስታስበው በጣም ቀለለባት።

ከዚያ ነው ጎረቤቷ ይገዙ ወደ ነገሩ የገባው። ይገዙ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጣ የሸማኔ ልጅ፣ እንጨት የመሰለ ረጅም፣ አንገቱን ሳይሰብር በማንም ደጃፍ የማያልፍ። የአጥናፉ ጉልበት ከባድ ብረት ይዞ የቀጨኔን ቁልቁለት መውረድ ስለማይችል ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ የሚያስቆርጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። አጥናፉ የጥንቱን ጎማ ልክ በቃሉ ያውቀዋል፤ ዙሪያው ስምንት ክንድ። ይገዙ እሄዳለሁ አለ። ሙሉእመቤት አብራው ሄዳ ክንዱን ብረቱ ላይ እያጋደመ ስምንት ጊዜ ሲለካ ቆማ አይታለች፤ ነጠላ ሲለካ እንደምታየው ነው የለካው። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚገዙ ሴቶች ይገዙን ለይተው የሚፈልጉት በልኩ ነው። ከሱ የገዛ ሰው አነሰኝ ብሎ አያውቅም።

የሸሸው ብረት እቤት ሲገባ አጥናፉ አጠገቡ ቆሞ ለካው። ትከሻው ጋ ደረሰ።

"ያኔ ደረቴ ጋ ነበር" አለ እየተገረመ። ከዚያ ፈገግ አለ። "አርጅቻለሁ ማለት ነው። ሰው ሲያረጅ ያጥራል።"

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። የመሃሉን እምብርት ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ቆርጦ በሞረድ አስተካከለው። ሹካዋን ከቧንቧ፣ የጎማውን ልክ እያየ ሠራላት። ከእምብርቱ ወደ ቀለበቱ የሚዘረጉት ስልሳ ሽቦዎች ከሌጋሲዮኑ የቴኒስ ሜዳ አጥር የተረፉ፣ ጋራዥ ሳለ ቆርጦ ያስቀመጣቸው ናቸው። በየጫፋቸው ጥርስ አወጣላቸው፤ በየጥርሱ የሚያጠብቅና የሚያላላ ትንሽ ዳዶ አሰረ። ሙሉእመቤት ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ትማር ነበርና፣ ቀለበቱ ላይ በየሽቦው ቦታ በጠመኔ ቁጥር ጻፈች። እስከ ስልሳ በራሷ እጅ መጻፏን ለማንም አልተናገረችም።

ሽቦዎቹ ሁሉ ገብተው ጎማው ቤት ውስጥ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ሲሰቀል ግን ቀጥ ብሎ መዞር እንቢ አለ። እንደሰከረ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል። አጥናፉ ምክንያቱን ያውቃል። አንዱ ሽቦ ከጠበቀ ቀለበቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከላላ ይለቀዋል፤ ስልሳውም እኩል መወጠር አለባቸው። እኩል መሆናቸው የሚታወቀው ደግሞ በጥፍር ተመትተው በሚያወጡት ድምፅ ነው። የአጥናፉን ጆሮ ግን ሠላሳ ዓመት የሞተር ጩኸት ወስዶታል። ሽቦውን እየመታ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፤ ምንም አይሰማም።

እናም ሙሉእመቤት መምታት ጀመረች። ድውር ስታዳውር ክር የላላ መሆኑን በጣቷ ታውቃለች፤ በጆሮዋ ግን ለምዳ አታውቅም። አንዱን ትመታለች፣ ሌላውን ትመታለች፣ ይኼ ይሻላል ትላለች፣ አጥናፉ ዳዶውን ያዞራል፣ ጎማው ይብስበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሲሉ ዋሉ።

ታረቀኝ ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ በስተጀርባ ነበር። ከመጣ ጀምሮ እዚያው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ስሞ ይቀበላቸዋል፤ ከግቢው በር ግን አንድ ቀን አልወጣም። ሳይጠየቅ የተናገረው ቃልም የለም። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ከሁሉም ቀድሞ በኮቴው ያውቃል። ይኼን የት እንደተማረው እናቱ አልጠየቀችም።

"አራተኛዋ ላልታለች" አለ ድምፁ ከመጋረጃው ኋላ።

ሙሉእመቤት እጇ አየር ላይ ቀረ። አጥናፉ አልሰማም፤ ምን እንደሆነች በአይኑ ጠየቃት። ወደ ጆሮው ተጠግታ ልጁ ያለውን ነገረችው። አጥናፉ አራተኛዋ ሽቦ ላይ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን አዞረ፤ ካዞረም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

"አሁንስ?" አለች ወደ መጋረጃው፣ ሽቦዋን መትታ።

"ትንሽ ይቀራታል።"

በዚያ ቀን እስከ አሥራ ሁለተኛዋ ደረሱ። በማግስቱ ጠዋት ሙሉእመቤት ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ጎማው አጠገብ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ የአጥናፉን የዳዶ ቁልፍ አንሥታ አራተኛዋን ሽቦ በግማሽ ዙር አላላቻት። በሕይወቷ ይኼን ያህል የሚያስነውር ሥራ የሠራች አልመሰላትም። ሁሉም ሲነሣ እየመታች ሄደችና አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ጠበቀች።

"እማዬ" አለ ድምፁ። "ይቺን ትናንት አስተካክለናታል እኮ።"

አስተካክለናታል አለ። ቃሉን ለብቻዋ ደጋገመችው። እሷ ይኼን ስትል መጋረጃው ተገለጠና ታረቀኝ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረገ ወጣ። ከብርሃኑ አይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን ከእጇ ወሰደ።

በሳምንቱ ስልሳዎቹም አንድ ድምፅ አወጡ፤ ጎማውም ዝንፍ ሳይል ዞረ። አጥናፉ ከመኪና ጎማ የቀደደውን ላስቲክ ዙሪያውን አለበሰው።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊሞክሯት ግቢ ውስጥ አቆሟት። ይገዙ በአንድ ወገን፣ ታረቀኝ በሌላው ወገን ያዙ። አጥናፉ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥቶ እየሳቀ ተቀመጠባት። ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ገፋ። ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ እግሩ ተከተለው፣ ተከተለው፣ ከዚያ ፔዳሉ ሸሸው። ግራውን ሞከረ። ያም ሸሸው። በጫማው ጫፍ ቢንጠራራ እንኳ አራት ጣት ያህል ይቀረዋል።

መቀመጫውን ዝቅ እናድርገው አለ ይገዙ፤ መቀመጫው ግን ዝቅ የሚልበት ቦታ የለውም፤ ጎማው ላይ ነው ያለው። አጥናፉ ከላይ ሆኖ ወደ ይገዙ ተመለከተ።

"ይገዙ፣ ስንት ክንድ ነው ያስቆረጥከው?"

"ስምንት ጋሽዬ። እርስዎ እንዳሉኝ።"

"በማን ክንድ?"

አጥናፉ ወረደና ክንዱን አጥሩ ላይ አጋደመ። ይገዙ ቀስ ብሎ የራሱን አጠገቡ አጋደመ። የይገዙ ክንድ በሦስት ጣት ይበልጣል። ስምንት ጊዜ ሦስት ጣት።

ሙሉእመቤት ሳቋ አመለጣት። "አርጅቼ አጠርኩ ብለህ ሁለት ወር አዝነሃል እኮ" ልትለው ነበር፤ ፊቱን ስታይ ዋጠችው። ይገዙ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሸማ ሲለካ ሠላሳ ዓመቱ እንደሆነ፣ ክንድህ ረዘመ ብሎ የወቀሰው ሰው እንደሌለ በዝግታ ተናገረ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው። ብረቱን ቢቆርጡት ሽቦዎቹ ሁሉ እንደገና መቆረጥ፣ እንደገና ጥርስ ማውጣት፣ እንደገና መወጠር አለባቸው። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን ለብሳ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች። መምሬ ወልደ ሥላሴ ለዋዜማው እየተሰናዱ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ጅቢት የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ብቻ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። እግዚአብሔር የሰውን ልክ ያውቃል አሏት። ጎማውን በእጁ እየገፋ ይምጣ፣ ስለቱ ደርሷል፣ ተቀብለናል በይው። ሙሉእመቤት እጃቸውን ስማ እየሮጠች ተመለሰች።

አጥናፉ እስክትጨርስ ሰማት።

"እየገፋሁ አላልኩም" አለ። "ተቀምጬ ነው ያልኩት። እሱ ልጄን ግማሹን አልመለሰልኝም።"

ይኼን ሲል ወደ መጋረጃው አላየም። ታረቀኝ ግን መጋረጃው ኋላ ተመልሶ ገብቶ ነበር፤ ጆሮው ደግሞ የሽቦ መላላት የሚለይ ጆሮ ነው። ሙሉእመቤትም ልትናገር ያልደፈረችው ነገር አላት። ስለ ተመለሰላት ልጅ በየጠዋቱ ታመሰግናለች፤ ከልቧ ታመሰግናለች። ግን ግማሹ አሁንም ከዚያ በር ወዲያ እንደቀረ ታውቃለች። ቀሪውን መለመን እንደ ምስጋና ቢስ እንዳያስቆጥራት ፈርታ ዝም ብላ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወደ ግቢው ስትወጣ ታረቀኝ ታጥቦ፣ ካሰሩት ቀን ጀምሮ ያላደረገውን ጫማ አድርጎ፣ ጅቢት አጠገብ ቆሞ አገኘችው። የሱሪው እግር ፔዳሉ ላይ እንዳይጠመጠም በሸማ ክር አስሮታል። አጥናፉም ከኋላዋ ወጣ።

"አባባ፣ በኔ እግር ልኳ ነው" አለ ታረቀኝ። "አጥሩን ይዤ ለክቻታለሁ።"

"ስለቱ የኔ ነው።"

"የተፈታሁት ግን እኔ ነኝ።"

አጥናፉ ወደ ውጭ አየ። "መንገዱ በቀበሌው በር ነው።"

"አውቃለሁ አባባ።"

ሙሉእመቤት ትናንት የጋገረችውን ዳቦ ቆርሳ ክዳኑ የጎደጎደው የምሳ ዕቃ ውስጥ ከተተች፤ ለምን እዚያ ውስጥ እንደከተተችው ገና አላወቀችም ነበር። ይገዙ ድር የሚወጥርበትን ገመድ ይዞ መጣ። ለቁልቁለቱ ነው አለ፤ ከትናንት ጀምሮ የሰውን አይን አያይም።

ታረቀኝ ከአጥሩ ላይ ተቀመጠባት። አባቱ በግራ፣ ይገዙ በቀኝ የብረት ወገቧን ይዘው ገፏት፤ ጅቢትም የግቢውን በር አለፈች። ታረቀኝ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ጋር እኩል ሆኖ ሄደ። ጎረቤት ከየደጁ ወጣ። አንዲት ባልቴት እልል አለች፣ ጅብ ላይ ለተቀመጠ ሰው እልል ይባል እንደሆነ አጠገቧ ያሉትን ጠየቀች፣ መልስ ሳትጠብቅ ደግማ እልል አለች። ሙሉእመቤት ከኋላ የምታየው የልጇን ጀርባ ብቻ ነው። ሁለት ትከሻዎቹ እንደ ሽቦ ተወጥረዋል።

የቀበሌው በር ላይ ያን ዕለት ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። የሶቪየቶች አብዮት በዓል ስለሆነ ሹሞቹ ሁሉ ለስብሰባ ወደ መሃል ከተማ ወርደዋል። በሩ ላይ የቆመው ጀላል ብቻውን ነው። ታረቀኝ ግን በሩን እንጂ ሰውየውን አላየም። ከሃያ እርምጃ ላይ እግሮቹ ቆሙ። ጅቢት ደግሞ ነጂዋ እግሩን ካቆመ የምትቆም አይደለችም፤ ትወድቃለች። ወደ በሩ አዘመመች፣ አጥናፉ ጮኸ፣ ይገዙ በሁለት እጁ ተሸክሞ አቆማት። ታረቀኝ ከላይ ሆኖ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ጀላል ከበሩ ተነሥቶ ቀረበ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ። ስልሳዎቹን ሽቦዎች አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አቀና።

"ታረቀኝ" አለው። "ከዚያ ላይ ምን ይታያል?"

ሙሉእመቤት ጀላል የልጇን ስም ሲጠራ ስትሰማ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ታረቀኝ ወደ ታች አየው። ጥያቄው ቶሎ የገባው አልመሰለም። ከዚያ አይኖቹ ከበሩ ላይ ቀስ ብለው ተነሡ፣ የግቢውን አጥር አለፉ።

"ግቢያችሁ ይታያል" አለ።

"ሌላስ?"

"የኋላው አጥር።" አንገቱን ሰገገ። "ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የመድኃኔዓለም ጉልላት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ጀላል ዞሮ ከትንሿ የኋላ ጎማ በላይ ያለውን ብረት በሁለት እጁ ያዘ። ሌሎቹ ያዙ ሳይባሉ ያዙ። ታረቀኝ ቀኝ እግሩን ገፋ፣ ከዚያ ግራውን። ጀላል ከበሩ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ እየሮጠ ገፋውና እጁን ለቀቀ። ከዚህ አላልፍም፣ ዘብ ነኝ አለ፤ እያለከለከም ይስቅ ነበር።

ቁልቁለቱን ይገዙና አጥናፉ በገመዱ ወደ ኋላ እየሳቡ አወረዱት። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን አቀበት ማን እንደገፋው መቁጠር አይቻልም። ነጠላቸውን ያጣፉ የበዓል ሰዎች ከየመንገዱ እየመጡ እጃቸውን አሳረፉ፤ የማን ስለት እንደሆነ የሚጠይቁም፣ ሳይጠይቁ የሚገፉም ነበሩ። ሙሉእመቤት ለያንዳንዱ ጎንበስ እያለች ደከማት። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ አጥናፉ ሮጦ ቀደመና ግንባሩን የበሩ ደፍ ላይ አሳርፎ ቀረ። የሚናገረውን የሰማ የለም፤ ራሱም አይሰማውም ይሆናል።

ያኔ ነው ታረቀኝ እንዴት እንደሚወርድ ማንም እንዳላሰበ የታወቀው። ቤት ያለው አጥር እዚህ የለም፤ ዙሪያው ሰው ነው። ጅቢት መወላገድ ጀመረች። አጥናፉ ከደጁ ተነሥቶ እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ፤ አልደረሰበትም። ይገዙ ከሰዉ ትከሻ በላይ ያን ክንዱን ሰደደ፣ ታረቀኝን በብብቱ ሥር አቅፎ እንደ ሕፃን አወረደውና እግሩን መሬት አስያዘው።

አጥናፉ የይገዙን ክንድ ያዘ። ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ በአይኑ ለካው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅጌውን ሳመ። ይገዙ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ሌላኛውን እጁን ነጠላው ውስጥ ደበቀ።

ከቅዳሴ በኋላ በእግራቸው ተመለሱ። ታረቀኝና አባቱ ጅቢትን በሁለት ወገን እየገፉ ከፊት ይሄዳሉ፤ ስለ አንዲት ሽቦ ይከራከሩ ነበር፤ ልጁ ላልታለች ይላል፣ አባቱ አልላላችም ይላል። የቀበሌውን በር ያለፉት ክርክሩን ሳያቋርጡ ነው። ሙሉእመቤት ይኼን አየችና ቆመች። የምሳ ዕቃውን ለምን እንደያዘች ያወቀችው አሁን ነው።

ወደ ጀላል ሄዳ ሰጠችው። ሞቅ ያለ ዳቦ አይደለም፣ የትናንት ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። ጀላል ዕቃውን ተቀብሎ የጎደጎደውን ክዳን አየ። ክብደቱ የገረመው ይመስል ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ለሌላ ሰው እንጂ ለራሱ ሞልቶ መጥቶለት አያውቅም።

"ነገ ባዶውን መልስልኝ" አለችው።

ጀላል በጣቱ ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።